የመረጥነውን እንጠይቅ

ልደታ ከመፍረሷ በፊት፣ ገና በሃያዎቹ ውስጥ እያለሁ፣ እንጀራዬ የሰው ቃል መገልበጥ ነበር። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እገለብጣለሁ፤ ፈረንጅ ሲመጣ ደግሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ሰንጋ ተራ አንድ ፎቅ ላይ ጥቂት ክፍሎች ተከራይቶ፣ ከውጭ በሚመጣ እርዳታ ምርጫን የሚያጠናክር፣ ተመራጮችም ለመረጣቸው ሕዝብ መልስ እንዲሰጡ የሚያስተምር ማኅበር ነበር። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ሰናይት ዲሞክራሲ ጋ ነው የምትሠራው» ትላለች፤ ዲሞክራሲ የሚባል ሰውዬ የቀጠረኝ አድርጋ።

በዚያ ሥራ ላይ ክፉኛ ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነበር። ተጠያቂነት። ሰነድ ላይ ሲቀመጥ ያምራል። ሰፈር ይዘውት ሲወርዱ ግን ሰው ፊቱን ያጠቁራል። እማዬ ከመጽሔታችን ሽፋን ላይ አንብባው «ማን ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ። ለእሷ ተጠያቂ ማለት እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ሞቅ ያለ፣ ቀላል፣ ማንም የሚገባው አማርኛ ስፈልግ ከርሜ አንድ መፈክር አመጣሁ፦ «የመረጥነውን እንጠይቅ»።

ኃላፊዬ አቶ ዳንኤል በጣም ወደደው። «ግልጽ ነው» አለ። «ሁለት ትርጉም የለውም።»

በትልቁ ባነር ላይ አሳተምነው።

ሰፈራችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ቦኖ ነበረን። መንገድ ቆፋሪዎች መጡና ቧንቧውን ቆርጠው፣ መንገዱንም ሳይጨርሱ ሄዱ። ቦኖው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ውሃ የምትቀዳው ወደ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄዳ ነው። እማዬ ወገቧን ያማታል። ሐኪም «ከባድ ነገር አታንሺ» ብሏታል፤ እሷም ታዛዥ ናት፣ ጀሪካኑን አታነሳውም፣ ታዝለዋለች። እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት አንዱን እቀዳለሁ፤ እሱ ግን ከምሳ በፊት ያልቃል። ማታ ስገባ ወገቧን በሻሽ ጠፍራ አገኛታለሁ። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነው።

«ዛሬስ ዲሞክራሲ ስለ ውሃው ምን አለ?»

አቶ ገበየሁ የሰፈራችን የምክር ቤት ተመራጭ ናቸው። ከምርጫው በፊት ከደረቀው ቦኖ አጠገብ ቆመው «ይህ ውሃ ሳይመጣ እኔን ገበየሁን እንቅልፍ አይወስደኝም!» ብለው ነበር። ሕዝቡም አጨበጨበ፣ መረጣቸው። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። ቤታቸው እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ቢሆንም በማለዳ ወጥተው ሰው በሩን ከዘጋ በኋላ ይገባሉ። ሰው ቤታቸው ሲሄድ ባለቤታቸው «ደክሞት ተኝቷል» ብለው በሩን ገርበብ ያደርጉታል። እንቅልፉ መጣ እንጂ ውሃው አልመጣም ብለን እናማቸው ነበር።

እንግዲህ እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። አቶ ገበየሁን ሰው ፊት አስቀምጬ ውሃው መቼ እንደሚመጣ ማስጠየቅ። መሥሪያ ቤታችን በየሰፈሩ መድረክ ያዘጋጃል፤ ቀጣዩ የእኛ ሰፈር እንዲሆን ለምኜ አስወሰንኩ። እርዳታውን የሚሰጡት ሰዎች ወኪል፣ ኢንግሪድ የምትባል የሰሜን አውሮፓ ሴት፣ ልትመለከት እንደምትመጣ ተነገረ። ፈረንጅ እያየ አያመልጡም አልኩ። ችግሩ ሕዝቡ ነው። ባለፈው በሌላ ሰፈር ያዘጋጀነው መድረክ ላይ የተገኙት ዝናብ ያባረራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሲያባራ ወጡ። ኢንግሪድ ያንን አይታለች። ይሄኛውም ባዶ ከሆነ ፕሮጀክቱ እንደሚዘጋ አቶ ዳንኤል ነገረኝ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ እማዬ ግን ሌላ ወገብ ከየት ታመጣለች?

ሐሙስ ዕለት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ በየነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እኔ ያለ ሞትና ያለ እድር ስብሰባ አልነፋም፤ ሰው ይደነግጥብኛል።»

«ይሄም የሕዝብ ጉዳይ ነው» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ያዙና አነበቡት።

«የመረጥነውን እንጠይቅ። ማንን ነው?»

«አቶ ገበየሁን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔኮ ጠርጥሬ ነበር። ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም።»

«እኮ!» አልኩ በደስታ። «ዝም ብለን ስናይ ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው።»

«ታዲያ ለምን ቤቱ አንሄድም?»

«ቤታቸው ማን ያስገባናል? የቀበሌው አዳራሽ ይሻላል። ሰው ብዙ ነው፣ ከውጭ አገርም የሚመጡ አሉ።»

ጋሽ በየነ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የውጭ አገር ሰው እስከ መምጣት ከደረሰማ...» አሉና ቀና ብለው ወደ ልደታ ማርያም ጉልላት አዩ። «እሷው ትርዳው።»

የፖለቲካ አስተያየት መሰለኝ።

ሲመሻሽ ጡሩምባው ተነፋ። «ያልሰማህ ስማ! የመረጥነውን አቶ ገበየሁን ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተገኝተህ ጠይቅ!» ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። የእኔ መፈክር፣ ምንም ሳይጨመር ሳይቀነስ በየመንደሩ ሲያልፍ ሰማሁና ኮራሁ። እማዬ ስታጥበው የነበረውን ድስት ይዛ ቀጥ አለች።

«የእናንተ መሥሪያ ቤት ነው ያዘጋጀው?»

«አዎ።»

«ተባረኩ።»

እዚያ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እማዬ ሥራዬን ስትመርቅ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ ማለት እችላለሁ።

«አንቺስ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«እንዴት እቀራለሁ? ተቀይሜው ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን ምን ቂም አለ።»

መመሪያችን ውስጥ «ያለ ቂም መጠየቅ» የሚል ምዕራፍ ነበረን። እናቴ ሳታነብ ደረሰችበት ብዬ አደርኩ።

በማግስቱ መንገድ ላይ እትዬ ዘነበች አስቆሙኝ። እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናቸው፤ በልደታ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰው ሲተኛ ከሐኪሙ ቀድመው ይደርሳሉ።

«ሰናይት፣ ጠንቷል እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በጣም እንጂ፣ እትዬ ዘነበች። ነገ ካልሆነ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለውም።»

«እኔን!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ገሠገሡ። ሕዝባችን ለጉዳዩ የሰጠው ክብደት ገረመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንግሪድን ከመኪናዋ ተቀብዬ ወደ አዳራሹ ስንጠጋ ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። ወንበር ያጡ ግድግዳ ተደግፈዋል። ኢንግሪድ ክንዴን ያዘችኝ፤ ፊቷ በራ። እኔም ደስታዬን ደብቄ፣ እኛ ሰፈር ሁልጊዜ እንደዚህ ነው በሚል ፊት አስገባኋት።

ከተቀመጥን በኋላ ነው ነገሩ ቅር ያለኝ። ስብሰባ ላይ ሰው ይንጫጫል፣ ይሳሳቃል። እዚህ ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እያንዳንዱ ሰው ጭኑ ላይ ፌስታል አስቀምጧል። ብርቱካን ይታየኛል፤ ሙዝ ይታየኛል። አንዱ ለስላሳ ይዟል፣ አንዷ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ።

«ምግብ ይዘው ነው የመጡት?» አለች ኢንግሪድ።

«ይመስላል።»

«ማንም ሳያዛቸው?»

«ማንም።»

ጻፈች።

እማዬም ከፊት ተቀምጣ ቤት ውስጥ አይቼ ለእኛ የመሰለኝን ብርቱካን ታቅፋለች። ይሄን ጊዜ እትዬ ዘነበች የአጥሚት ፔርሙዝ ይዘው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ሰናይት፣ የት ነው ያስተኙት?»

ማንን ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንደተከፈተ ቀረ። ቀና ብዬ ባነሩን አየሁት። ራሴ የጻፍኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የመረጥነውን እንጠይቅ። በእኛ አገር የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ ሐዘን የደረሰበት ይጠየቃል። ባለሥልጣን ሲጠየቅ ግን ያየ የለም፤ ታዲያ ሰው ምን ብሎ ይረዳው? ለዚያውም በጡሩምባ ተነግሮት፣ ለዚያውም ከጠፉ የቆዩ ሰው። ሁለት ትርጉም የለውም ያለው አቶ ዳንኤል ከባነሩ ሥር ቆሞ በማይክራፎኑ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል።

ብነግራቸው ይህን ሁሉ ሰው አዋርዳለሁ፤ ባልነግራቸው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም። ኢንግሪድ አጠገቤ ትጽፋለች። ይሁን ብዬ ተነሣሁና «ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ...» ከማለቴ በሩ ተከፈተና አቶ ገበየሁ ገቡ።

ሱፍ ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል፣ በብብታቸው ንግግር ይዘዋል። ፊታቸው ወዝ የለውም። ያን ጠዋት የመጡት ፈረንጅ ስላለ መቅረት ስላልቻሉ ብቻ ነው፤ ሊሰደቡ ተዘጋጅተው እንደገቡ ያስታውቃሉ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

«እግዜር ይማርህ!»

«ምሕረቱን ያውርድልህ!»

አቶ ገበየሁ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደገባ ተመለከቱ። ማንም አልነበረም።

«ተነሥቶ መጣ እኮ፣ ምስኪን» አሉ አንዲት ሴት። «ከስቷል።»

«ደህና ነኝ» አሉ አቶ ገበየሁ።

«ደህና ነኝ ይላል ደግሞ!» ብለው እትዬ ዘነበች ክንዳቸውን ያዙ።

አቶ ገበየሁ ሞኝ ሰው አልነበሩም። ዓይናቸው ከፔርሙዙ ወደ ብርቱካኑ፣ ከብርቱካኑ ወደ ሰዉ ፊት ዞረ። ከዚያ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ሲገቡ ያልነበረ ማነከስ መጣባቸው። እያነከሱ ሄደው ወንበሩ ላይ አረፍ አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

«ትንሽ አሞኝ ነበር» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ተናደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ቀን ትንሽ ነው። በሽተኛን ስለ ቧንቧ የሚጠይቅ ሰው እኛ ሰፈር አልተወለደም። ሰውዬው ዓይኔ እያየ፣ ራሴ ባዘጋጀሁላቸው በር፣ የእናቴን ውሃ ይዘው ሊወጡ ነው።

«ሰዎቹ ምን እያሉት ነው?» አለች ኢንግሪድ።

«ሐዘኔታቸውን እየገለጹ ነው።»

«ለተመራጩ?»

«ለተመራጩ።»

ትንሽ አሰበችበትና ጻፈች።

እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ስበው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ሕመምተኛ ሲጠየቅ የሚጀመረው እንዲያ ነው።

«ምን ነካህ፣ ገበየሁ?»

ተረጎምኩ። «ቀጥተኛ ጥያቄ ነው» አለች ኢንግሪድ ራሷን እየነቀነቀች።

«እንዲሁ ነው... ሰውነቴ እንቢ አለ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

አቶ ገበየሁ አመነቱ። «ከምርጫው ወዲህ።»

ኢንግሪድ ብዕሯን አቆመች። «አመነ?»

«አመኑ።»

«በአደባባይ?»

«እያየሽ ነው።»

«የት ላይ ነው የሚያምህ?» አሉ እትዬ ዘነበች። አቶ ገበየሁ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አኖሩ። «ኩላሊት ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። አቶ ገበየሁ አላስተባበሉም። ማነከስን ከኩላሊት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያነሣ የለም።

«ሐኪሙስ ምን አለህ?»

«ዕረፍት አድርግ፣ አትጨነቅ፣ ከብዙ ሰው ጋር አታውራ ነው ያለኝ።»

«ውሃስ?»

«የምን ውሃ?» አቶ ገበየሁ ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ለአፍታ ድምፃቸው ጤነኛ ሆነ።

«ለኩላሊት ውሃ አይደል እንዴ? ውሃ በብዛት ጠጣ አላለህም?»

«እሱማ... ብሎኛል። በብዛት።»

«እና ምን ቁጭ ብለን እናያለን? ውሃ ስጡታ!» አሉ እትዬ ዘነበች ወደ ሕዝቡ ዞረው።

ሁሉም ወደየፌስታሉ አጎነበሰ። ለስላሳ አለ፣ ወተት አለ፣ አጥሚት አለ፣ ብርቱካን አዳራሹን የሚሞላ አለ። ውሃ የለም። የአዳራሹ ጠባቂ ከበሩ ላይ እጁን አራገበ፤ የቀበሌው ቧንቧም ከእኛው ቦኖ ጋር አብሮ ነው የደረቀው። ሰው ሁሉ ያለውን ነበር ይዞ የመጣው።

ዝም ተባለ። ማንም ምንም ለማለት አስቦ አይደለም። ብቻ ሰው ሁሉ ስለ ውሃ እያሰበ ዝም አለ፤ ስለ ውሃ እያሰበም ሰውዬውን ያያል። አቶ ገበየሁ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ።

እማዬ ተነሣች። «ቤት አለችኝ፣ ትንሽ» አለች።

«ተዪው፣ እትዬ አስካለ» አሉ አቶ ገበየሁ። «አልጠማኝም።»

«የታመመ ሰው መቼ ጠምቶት ነው የሚጠጣው» ብላ ወጣች።

ጠበቅናት። ቤታችን ቅርብ ነው፣ ግን እማዬ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ኢንግሪድ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ውሃ አልኳት። እማዬ ጆግና ብርጭቆ ይዛ ስትመለስ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ጎበጥ ብላ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንዳይፈስባት ጆጉን ብቻ እያየች መጣች። ቀድታ ሰጠቻቸው። አቶ ገበየሁ ጠጡ። ደግማ ቀዳች።

«ይበቃኛል።»

«ጠጣ» አለች እማዬ። «ዛሬ ማለዳ ነው ከተክለ ሃይማኖት ያመጣሁት፣ ንጹሕ ነው። ለአንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል?»

ነገር አልነበረባትም። እናቴን አውቃታለሁ፤ ስታሽሟጥጥ አንድ ቅንድቧ ይነሣል። ቅንድቧ አልተነሣም። ይድኑላት ዘንድ ነበር የምትፈልገው።

አቶ ገበየሁ ብርጭቆውን እስከ አፋቸው አደረሱና መለሱት። ንግግራቸው ላይ አስቀመጡት። ወረቀቱ ረጠበ።

«አላመመኝም» አሉ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እውነቴን ነው። ጤነኛ ነኝ።»

«አይዞህ።»

«ዘነበች ሙች፣ ምንም አልሆንኩም!»

አንድ ተመራጭ ደህና መሆኑን ሕዝብ ለማሳመን እንደዚያ ሲለፋ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በመጨረሻ ያሉት ሲያጡ ወደ እኔ አዩ። ተነሣሁ። ባነሩን በእጄ አሳየሁ። ዛሬ የተጠራነው ልንጠይቃቸው ነው፣ መጠየቁ ግን የጥያቄ እንጂ የበሽተኛ አይደለም አልኩ። ከእኔ የተሻለ ማስረዳት የሚችል ሰው ያጣ ሕዝብ ቀና ብሎ ባነሩን አነበበው።

«ታዲያ እኔ ምን ብዬ ነው የነፋሁት?» አሉ ጋሽ በየነ።

አንዱ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። እትዬ ዘነበች ፔርሙዛቸውን ከአቶ ገበየሁ ራቅ አድርገው አኖሩት። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ጆጉን እንደያዘች ቆማለች።

«እንግዲያው ውሃው የት ነው?» አለች።

ሳቁ ቆመ። ያ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ላስጠይቃቸው የፈለግሁት።

አቶ ገበየሁ የረጠበውን ንግግራቸውን አጠፉት።

«ውሃው አይመጣም፣ እትዬ አስካለ። እንደተመረጥኩ ሰሞን ተመላልሻለሁ። ለሚፈርስ ሰፈር ቧንቧ አይዘረጋም አሉኝ።»

«የቱ ሰፈር ነው የሚፈርሰው?» አለች እማዬ።

«የእኛ።»

እማዬ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተናገር ያለኝም የለ፣ አትናገር ያለኝም የለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤታችሁ ውስጥ ያደግሁ ነኝ። የኔም ቤት አብሮ ነው የሚፈርሰው፤ ለሚስቴም አልነገርኳት።» ዘግይተው ገብተው በሩ አጠገብ የተቀመጡት ባለቤታቸው ቀና አሉ። «ስታገኙኝ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነው የጠፋሁባችሁ።»

«ምን አለ?» አለች ኢንግሪድ።

ሰፈር የሚለውን ቃል ፈለግሁላት። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ካርታ ላይ ያለ ቦታ ነው እንጂ ቦኖው፣ እማዬ፣ እትዬ ዘነበች የሉበትም። ቃል መገልበጥ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህን አንድ ቃል መገልበጥ አቃተኝ። ኢንግሪድ ፊቴን አይታ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ደብተሯን ዘጋች። በዚህ ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ዘነበች ናቸው።

«መቼ ነው የሚፈርሰው?»

«አላውቅም።»

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«አላውቅም።»

«እድራችንስ? ለየብቻ ሊበትኑን ነው?»

«እሱንም አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያው ሂድና ጠይቅ። የምትመጣው ቅዳሜ እንመለሳለን።»

«ለምን?» አሉ አቶ ገበየሁ።

«ልንጠይቅህ ነዋ!»

«እስኪፈርስስ ድረስ ምን እንጠጣ?» አለች እማዬ። አቶ ገበየሁ እሱንም እጠይቃለሁ አሉ።

ሰው ወጣ። ሲወጣ ያመጣውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እያኖረ ነው። አቶ ገበየሁ «እባካችሁ ውሰዱ፣ አልታመምኩም» ቢሉ፣ እትዬ ዘነበች «ለጥየቃ የመጣ ነገር ወደ ቤት አይመለስም፤ ደግሞም ያምሃል ገና» ብለው አጥሚቱን ራሳቸው ቀዱላቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ገበየሁ መጡ። ከዚያ በኋላም መጡ። አንዳንዴ መልስ ይዘው፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን፤ ግን መጡ። የውሃ ቦቴ በሳምንት አንዳንድ ቀን ሰፈራችን ድረስ መምጣት ጀመረ፣ የእማዬ ወገብም ትንሽ አረፈ። ሰፈሩ ፈረሰ። ያን ማንም አላስቀረውም። ሰው ግን ዶዘሩ በሩ ላይ ቆሞ አልሰማውም፤ አውቆ፣ ተሰነባብቶ፣ የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ነው የወጣው። እድራችን ሁሉ ባይሆንም ግማሽ ያህሉ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ወደቀ። እማዬ አሁን ቤቷ ውስጥ ቧንቧ አላት። ውሃው የሚመጣው ሲያሰኘው ነው፤ እሷም ሁልጊዜ ጀሪካን ሞልታ ታስቀምጣለች።

የኢንግሪድን ሪፖርት ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ሪፖርት ነበር። ኅብረተሰቡ ተመራጩን የሚጠይቅበት የቆየ ባህል እንዳለው፣ ተሳታፊዎችም የሚበላ ይዘው እንደሚመጡ ይላል። ቀጥሎ በሌሎች ከተሞች የተዘጋጁት መድረኮች መጥሪያ ላይ «ብርቱካን ይዛችሁ ብትመጡ ይመረጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨመረ። አልሰረዝኩትም።

ብዙም ሳልቆይ ያንን ሥራ ተውኩት። ማንም አላባረረኝም። ቃሉን ለሰው መተርጎም ሳይሆን ራሴ መሥራት ስለፈለግሁ ነው። አሁን የሳይታችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የመረጥነው ሰው ቢሮ በየጊዜው እሄዳለሁ፤ ባዶ እጄን አልሄድም። መጀመሪያ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከዚያ መብራቱን፣ ከዚያ የቆሻሻ ማንሻውን እጠይቀዋለሁ። የሚበሳጭ አለ፣ የሚደበቅ አለ። ብርቱካን ይዛ የመጣችን ሴት ግን በር ላይ መመለስ ለማንም ይከብዳል። አንባቢዬ፣ እርስዎስ የመረጡትን ሰው መቼ ጠይቀውት ያውቃሉ? በየትኛውም ትርጉሙ ይመልሱልኝ።

ባለፈው አቶ ገበየሁ በእውነት ታመሙ። ኩላሊት ነው። ስሰማ ገረመኝ፤ ያን ቀን በሐሰት የያዙትን ጎን ነው አሁን በእውነት የያዙት። ከእኛ ራቅ ባለ ሳይት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ራስጌያቸው ላይ በብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። እጄ ላይ ያለውን ፌስታል አይተው ፈገግ አሉ።

«ሰናይት፣ የመጣሽው ልትጠይቂኝ ነው ወይስ ልትጠይቂኝ?»

«መጀመሪያ ብርቱካኑን ይቀበሉኝ» አልኳቸው።

ተቀበሉኝ። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ውሃቸውን ተጎነጩና ብርጭቆውን መለሱት።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ «ጠይቂኝ።»